«ዝግ ቤት» ይሉት የነበረው ወርቅ ቤታችን

በቀደም ዕለት ባሕር ዳር ከግሽ አባይ ሰፈር ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ስሄድ፣ የባጃጅ ባትሪ የሚሞላ ሰው ከደጃፉ ተቀምጦ ከጀሪካን አሲድ ሲቀዳ አጠገቡ ደረስሁና፣ ያ አፍንጫን ቆንጥጦ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ሽታ ሲመጣብኝ እግሬ በራሱ ቆመ። ሰውየው ቀና ብሎ «ባትሪ ነው?» አለኝ። «የለም፣ ዝም ብየ ነው» አልሁትና አለፍሁ። ትንሽ እንደ ሄድሁ ግን ከአንድ ቤት አጥር ተደግፌ ቆምሁ። ሽታው የወንድሜ ሽታ ነበር። እኔ ይበልጣልን የማስታውሰው በአሲድ ነው፤ ከሸሚዙም ከጸጉሩም፣ ሲያጎርሰኝ ከእጁም ሳይቀር ይሸት ስለነበር፣ በልጅነቴ የትልቅ ወንድ ሽታ ማለት ያ ይመስለኝ ነበር።

ይበልጣል ከሞተ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። እኔ ታናሹ ነኝ። ከሁለታችን በቀር በቤቱ ሌላ ልጅ አልነበረም፣ በመካከላችንም የአሥራ ሁለት ዓመት ልዩነት ነበር። መጻፍ ልማዴ አይደለም፣ የተማርሁትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው። ግን ቤታችንን የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ሄዱ፣ ያሉትም አሳጥረው ነው የሚያወሩት። እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር አለኝ። የሆነውን እንደ ሆነ ላስቀምጠው ብየ ነው።

ቤታችን ወርቅ ቤት ነበር፤ የጀመሩትም አያቴ ናቸው። አያቴ የማክሰኝት ሰው፣ የቄስ ልጅ ነበሩ፤ ድቁና ተቀብለው ዜማ ሲማሩ ቆይተው፣ የመስቀል ቅርጽ ማውጣት እጃቸውን እየሳበው ሄዶ፣ በመጨረሻ መጽሐፉን ትተው አንጥረኛ ሆኑ። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። የቄስ ልጅ ከፍም ፊት ተቀምጦ መዶሻ ሲያነሣ ሲያይ ዘመዱ ሁሉ አፈረ፣ ቀጥቃጭ ሆነ ብሎም ከማዕዱ አራቃቸው። በዚሁ ምክንያት መዶሻቸውንና ወናፋቸውን ተሸክመው፣ ሐይቁን ዞረው ባሕር ዳር ገቡ። ከውሃው ብዙም ሳይርቁ አንድ የሣር ክዳን ቤት ቀልሰው፣ የማርትሬዛ ብር እያቀለጡ የአንገት መስቀልና ጉትቻ ይሠሩ ጀመር።

ገና ስማቸው ሳይታወቅ አንዲት ሴት የእናቷን ወርቅ አምጥታ፣ ቀለበት ሆኖ ሲመለስላት «ወርቄን አጉድለኸዋል፣ ቁራሹን በመስኮት ስትወረውር አይቻለሁ!» ብላ በሰፈሩ ፊት ጮኸችባቸው። አያቴ ቀለበቱን እንደ ገና መዘኑላት፤ አልጎደለም። ሰው ግን ሚዛኑን ሳይሆን ጩኸቱን ይዞ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ የሰው ወርቅ እሳት ላይ ሲያወጡ ባለቤቱን ከውስጥ ያስቀምጡና በሩንም መስኮቱንም ይዘጉ ነበር። ወርቁ ቀልጦ፣ ጠርቶ፣ ተመዝኖ ባለቤቱ መዳፍ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ አይከፈትም፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። ይህ ነገር ከአፍ ወደ አፍ እየሄደ መራዊም ከሐይቁ ማዶም ተሰምቶ፣ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ «ዝግ ቤት ውሰዱት» ይባባል ጀመር። አባቴ ሥራውን ሲረከቡ የአያቴን ስም በትልቁ አስጽፈው ከበሩ በላይ ሰቅለው ነበር፤ በዚያ ስም የጠራን ሰው ግን አላጋጠመኝም። ዝግ ቤት ነበርን፤ ቀጥቃጭ የሚለውም ቃል በዚህኛው ስም ተሸፍኖ ቀረ።

የእኔ ትዝታ የሚጀምረው ከጥር ነው። እህል ተወቅቶ ሲገባ፣ በየመንደሩ ዳስ ሲጣል፣ ከመራዊ በጠዋት አውቶቡስ የሚመጡ ሰዎች ሱቁ ሳይከፈት ደጃፋችን ላይ ተደርድረው ይጠብቁን ነበር፤ ጋቢ የደረበ አባት፣ በመቀነቷ ጫፍ አሮጌ ወርቅ የቋጠረች እናት፣ ከሁለቱ መካከል መሬት መሬት የምታይ ሙሽራ። አባየ ከሚዛኑ ኋላ፣ ይበልጣል ከምድጃው ፊት ይቀመጣሉ። የእኔ ሥራ መስኮቱ ነበር። ማንም አልሰጠኝም፤ በስድስት ዓመቴ ቁመቴ መቀርቀሪያው ላይ ሲደርስ ራሴ ወሰድሁት። አባየ «እንግዲህ» ሲሉ፣ ይቺ «እንግዲህ» ምልክታችን ነበረች፣ እማየ በሩን ትዘጋለች፣ እኔ የመስኮቱን ሁለት መዝጊያ ስቤ መቀርቀሪያውን እሸጉጥና፣ ባለ ወርቆቹ እንዲያዩልኝ በእጄ ነቅነቅ አደርገው ነበር። ይበልጣል ከአያታችን ወገን የሰማውን የቤተ ክርስቲያን ሹመት ሁሉ ለቀልድ ያውለው ነበርና እኔን «ሊቀ መስኮት» ብሎ ሾመኝ። ሰው በተሞላበት ተነሥቶ እጅ ነሥቶኝ «ሊቀ መስኮት፣ ይባርኩን!» ሲል ሰዉ ይስቃል፣ እኔ ግን የምር መስሎኝ እጄን አነሣ ነበር።

ከተዘጋ በኋላ የሚሰማው የጋዙ እሳት ፉጨት ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ወርቁን ያያል። መዳብ የበዛበት ወርቅ ሲሆን ማቅለጡ አይበቃም፣ በአሲድ ይጠራል፤ ይበልጣል አሲዱን ጠብ ጠብ ሲያደርግበት መጀመሪያ ይፍለቀለቅና፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ ጭስ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከኮርኒሱ ሥር ይተኛ ነበር። እኔ ያን ጭስ እወደው ነበር። በመዝጊያው ስንጥቅ የምትገባው ፀሐይ ስታገኘው የተበጠበጠ ማር ይመስላል። ዓይናችን ያለቅሳል፣ ጉሮሯችን ይከረከራል፣ አባየ መሐረብ ያድላሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ወፈር ያሉ የመራዊ ሴት አፍንጫቸውን በነጠላቸው አፍነው፣

«እናንተ ሰዎች፣ ወርቄን ነው ነፍሴን የምታቀልጡት?» ብለው ጮኹ።

«ትንሽ ይታገሡ እትየ፣ ወርቅዎ ከዓይንዎ እንዳይርቅ ብለን ነው» አሉ አባየ።

«ዓይኔማ ጠፋ! በምኔ ልየው?»

«ግዴለም እትየ» አለ ይበልጣል ከምድጃው ሳይዞር፣ «ሙሽራዋ ታይልዎታለች። እሷ ከገባች ጀምሮ ከወርቁ በቀር ሌላ አላየችም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሁላችንም እንባችንን እየጠረግን ሳልን፣ አንድ በአንድም አቆምን። ከሁላችን በኋላ ያቆመው ይበልጣል ነበር። ያኔ ልብ አላልሁትም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ወርቅም ይረሳል። ያን ወራት ሥራችን ብር ነበር። ለፋሲካ የአንገት መስቀል የሚያሠሩ ይመጣሉ፣ ከደሴቶቹ ገዳማት በጀልባ የሚሻገሩ መነኮሳትም የተሰበረ የእጅ መስቀል በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡልን ነበር። ብር የሎሚ ውሃ ይበቃዋል፤ በብር ማንም ስለማይጠረጥረን መስኮቱም ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፣ የሐይቁም ነፋስ እየገባ የእማየን መጋረጃ ያወዛውዘዋል። በዚያ ወራት የይበልጣል ፊት ወዝ ይመለስ ነበር። ከሰዓት በኋላ አባየ ከወንበራቸው ላይ ሲያሸልቡ ትከሻየን ነካ አድርጎ «ሊቀ መስኮት፣ ጉባኤ አለብን» ይለኝና ወደ ሐይቁ እንወርዳለን።

ጉባኤው ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነበር። ደንገል ከበዛበት፣ ታንኳዎች ከሚታሰሩበት ዳርቻ ልብሱን ያወልቅና ውሃው ውስጥ ይገባል፤ እኔ ከድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብየ እቆጥራለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየጠገኑ፣ «አንተ አንጥረኛ! ወርቅ ፍለጋ ነው የምትጠልቀው?» ይሉታል። «የአንዱ ዓሣ አጥማጅ አማት የወርቅ ጥርሷ ወድቋል አሉ፣ እሱን ነው!» ብሎ ስጥም ይላል። እኔ ቁጥሩ ሃምሳ ሲያልፍ ከድንጋዩ ላይ እነሣለሁ፣ ስድሳ ላይ ወደ ውሃው እጠጋለሁ፣ ሰባ ላይ ለማልቀስ አፌን ስከፍት እሱ ሰማንያ ላይ ከታሰበው ቦታ ርቆ፣ የሻላ ወፎቹን ከሚያስደነግጥበት ብቅ ይላል። «ስንት?» ይላል መጀመሪያ፤ ከ«ስንት» በፊት ሌላ ቃል ተናግሮ አያውቅም። «ሰማንያ!» ስለው ውሃውን በመዳፉ መትቶ ይስቅ ነበር። እስትንፋሱ እንደዚያ ነበር። ያየሁት ስለ ሆነ ነው የምጽፈው።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና ሱቁ ጭር ይላል። ያን ጊዜ የዓመቱን ጥራጊ እናጥባለን። በእኛ ቤት የሱቅ ጥራጊ አይደፋም ነበር፤ ከሞረድና ከመጋዝ የሚረግፈው ብናኝ ከአፈሩ ጋር ተጠርጎ በጆንያ ይጠራቀምና፣ ነሐሴ ላይ በሳፋ ተዘፍዝፎ፣ ታጥቦ፣ ተነፍቶ፣ በመጨረሻ የምስር ፍሬ የምታህል ወርቅ ይሆናል። አባየ ያችን ፍሬ በጣታቸው ጫፍ አንሥተው ካሳዩን በኋላ በወረቀት ጠቅልለው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጧት ነበር። «ከማን ላይ እንደ ረገፈች ስለማናውቅ የእኛ አይደለችም» ይሉ ነበር። እኔ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁንም አይመስለኝም። ችግሩ ይኸው ነው፤ የሚያስቀይም አባት ቢሆኑ ኖሮ ለመጻፍም ይቀልል ነበር።

ይበልጣል ጥራጊውን ሲያጥብ ጎንበስ ማለት እንደ ከበደው ያየሁት በአንድ ክረምት ነው፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቴ ነበር። ሳፋውን አስቀምጦ ቀና ይላል፣ ግድግዳውን ይደገፋል፣ ያስላል፣ ይመለሳል። እማየ «ብርድ ነው፣ ይኸ የሐይቅ ብርድ» እያለች ማርና ዝንጅብል ታጠጣዋለች፣ ጠበል ታስመጣለታለች። እሱም «አዎ እማየ፣ ብርድ ነው» ይላታል። ሰው ከእሳት ፊት ተቀምጦ እየዋለ እንዴት ብርድ እንደሚመታው የጠየቀ አልነበረም።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ይከፈታል፣ ስድቡም አብሮ ይከፈታል። አንድ ልጅ «የቀጥቃጭ ልጅ፣ ዓይንህን ከምሳየ ላይ አንሣ!» ብሎኝ እያለቀስሁ ብመለስ፣ ይበልጣል ሥራውን ሳያቋርጥ፣ «ነገ ስትሄድ፣ እኛ ቤት ከሃያ አንድ ካራት በታች ምግብ አይበላም በለው» አለኝ። ብየውም ልጁ ካራት ምን እንደ ሆነ ስላላወቀ ፈራኝ። እናቱ ግን የዝግ ቤት ልጅ መሆኔን ሰምታ ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን አጠገቤ እንዲቀመጥ አዘዘችው። ስማችን እንዲህ ያደርግ ነበር። እንዲህ ያደርግ ስለነበር ነው እኔ ከሁሉም በላይ የወደድሁት።

በዚያው መስከረም መጨረሻ ከይበልጣል ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። ገባ። አርባ ላይ ወጣ። ተሳስቶ የወጣ መስሎኝ ሳቅሁ። «ስንት?» አለ፤ «አርባ» አልሁት። ውሃውን ከፊቱ ጠረገና «ቀስ ብለህ ነው የቆጠርኸው» አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምላሴ እስኪተሳሰር ፈጥኜ ቆጠርሁና «ሰባ!» አልሁት። ደስ አለው። ቤት እስክንደርስ እያፏጨ ሄደ፣ ፉጨቱን ሁለት ጊዜ ብቻ ለሳል አቋረጠው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያ እቆጥርለት ነበር።

የሐኪሙ ነገር የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። እኔ አሥራ አንድ፣ እሱ ሃያ ሦስት ሞልቶናል። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ ሥራው ምን እንደ ሆነ ጠይቆ፣ «ወይ ይህን ሥራ ተው፣ ወይ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ አብጅ፤ ሦስተኛ ነገር የለም» ብሎት ኖሯል። ይበልጣል የመድኃኒቱን ወረቀት ጀርባ ገልብጦ፣ ከምድጃው በላይ የሚቆም ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ተነሥቶ ኮርኒሱንና ጣራውን በስቶ የሚወጣ ቧንቧ በእርሳስ ሥሎበት መጣ። እጁ ለሥዕል የተፈጠረ ስለ ነበር ያች ቧንቧ እንኳ ታምር ነበር። ምሳ ላይ ወረቀቱን ከማዕዱ ዳር አስቀመጠው።

«አባየ፣ ይችን ልሥራ። የብዙ ቀን ሥራ አይደለችም።»

አባየ ወረቀቱን ሳያነሡ አዩት። «ቀዳዳ ነው?»

«ቧንቧ ናት። የሰው ጣት እንኳ አታስገባም።»

«ሰው ቧንቧ አይልም፣ ልጄ። ዝግ ቤት ቀዳዳ አወጣ ነው የሚለው።»

ይበልጣል ጉርሻውን አስቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ በአባየ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «አያቴ ይህን የጀመሩት በሣር ቤት ነበር እኮ። ሣር ክዳን ሳይከፍቱትም ይተነፍሳል። እሳቸው በከሰልና በሎሚ ነበር የሚሠሩት፣ አሲድ መቼ አዩ? እርስዎ ብሎኬት አስገነቡ፣ ኮርኒስ አስመቱ፣ አሲዱንም አመጡ። ሁሉም ተለውጦ መስኮቱ ብቻ ነው የአያቴ።»

ይህን ስሰማ ገባኝ ማለት አልችልም። ዛሬ ሳስበው ግን በቤታችን የተባለው እውነት ሁሉ በዚያች ንግግር ውስጥ ነበር። ሦስት ትውልድ የኮራንበት ነገር ለሣር ቤት የተሠራ ነበር። እኛ ጣራውን ለውጠን ልማዱን እንዳለ አስገባነው፣ ይህንንም ለማየት ከውስጥ የታመመ ሰው አስፈለገ።

አባየ ወረቀቱን አነሡ፣ አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። «እኔም አስላለሁ» አሉ በኋላ፤ «ሠላሳ ዓመት ሳልሁ። ሞትሁ?» ያን ጊዜ፣ ምናልባት ነገሩን ለማቅለል ብለው ይሆናል፣ ወደ እኔ ዞረው ከዚያ በፊት ጠርተውኝ በማያውቁት ስም፣

«ሊቀ መስኮት፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

አባየ ሐሳቤን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ማዕዱ ላይ ያለው ሁሉ ሲያየኝ ደረቴ ተነፋ። ይበልጣልም ያየኝ ነበር፣ ፈገግ ብሎ፣ የእሱን ወገን እንደምይዝ ሳይጠራጠር።

«መስኮቱ እያለ ቀዳዳ ካወጣንማ ዝግ ቤት አንባልም» አልሁ።

አባየ ሳቁ፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። እማየም ሳቀች። ይበልጣልም ሳቀ፤ «ሊቁ ፈረዱ፣ አለቀ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ስለ ቧንቧ ከዚያ በኋላ በቤታችን አልተነሣም። የልጅ ቃል ነው፣ ማን ይሰማዋል ይባል ይሆናል። እኔም ለራሴ ብየዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ። ግን አባየ የሚያመነቱ ነበሩ፤ ፊታቸውን አይቻለሁ። ከዚያ እኔ ተናገርሁ፣ ማመንታታቸውም ቀረ።

በዚያው ዓመት ጥር አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ያመጡት ከእናታቸው የወረሱትን፣ መዳብ የበዛበት ድሪ ነበር። አባየ «እንግዲህ» አሉ፣ ዘጋን፣ ቀለጠ፣ አሲዱም ፈላ። ጭሱ ከኮርኒሱ ሥር መተኛት ሲጀምር ይበልጣል ተነሣ። ወደ መስኮቱ ሄዶ መቀርቀሪያውን ሳበና አንዱን መዝጊያ የመዳፍ ያህል ከፈተው። ነፋሱ ገባ። ግንባሩን ከመስኮቱ ጠርዝ አሳርፎ ትንፋሽ ሲስብ ከኋላ ትከሻው ሲነሣና ሲወርድ ይታየኝ ነበር፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ እንደሚያደርገው።

ሴትዮዋ ወደ አባየ ዞሩ። «ምነው ጌታው? እኔ ዝግ ቤት ብለው ነው የላኩኝ።»

አባየ ልጃቸውን አላዩም፤ የከፈተውን መስኮት ብቻ ያዩ ነበር፣ ጆሯቸውም ቀልቶ ነበር። እኔ ያንን ጆሮ መቋቋም አልቻልሁም። ተነሥቼ በይበልጣል ክንድ ሥር ሾልኬ መዝጊያውን ሳብሁት። አልከለከለኝም፤ ግንባሩን ከጠርዙ አንሥቶ ወደ ኋላ አለ። መቀርቀሪያውን ሸጉጬ፣ ሴትዮዋ እንዲያዩልኝ ነቅነቅ አደረግሁት።

«አበጀህ፣ ሊቀ መስኮት» አለ ይበልጣል። ያን ቀን በዚያ ስም ማንም አልሳቀም። ተመልሶ ከምድጃው ፊት ተቀመጠና ሥራውን ጨረሰ። ድሪው አምሮ ወጣ። ሴትዮዋ መርቀውን ሄዱ።

የቀረውን ባጭሩ ልጻፈው፣ ረጅም አድርጌ ለመጻፍ አቅሙ የለኝም። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ይበልጣል ወደ ሐይቁ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፍ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ መሄዱን ተወው። በዚያው ዘመን ወርቅ ተወደደ፣ መንገዱም አንድ ጊዜ ሲዘጋ አንድ ጊዜ ሲከፈት የመራዊ ሰዎች ቀሩ። በዋናው መንገድ ዳር ደግሞ በመስታወት የተሠሩ፣ ከውጭ አገር ተሠርቶ የመጣ ቀለበት የሚሸጡ ቤቶች ተከፈቱ፤ እዚያ ምንም አይቀልጥም፣ ምንም አይዘጋም። እኛ ጋ የሚመጣው በወር አንድ ሁለት ሰው፣ የድሮውን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ነበር። ለዚያ ለአንዱ ሰው እንዘጋ ነበር። ይበልጣል ለዚያ ለአንዱ ሰው ከጭሱ ጋር ይቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ ከሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ከብረት ሲሊንደር በቱቦ የሚመጣ አየር እየሳበ ሰነበተ። ነርሷ በየጠዋቱ የክፍሉን መስኮቶች በሙሉ በርግዳ ትከፍታቸው ነበር። አንድ ጠዋት እኔ ከጎኑ ቆሜ ስትከፍት አየኝና፣ ቃሉን በሦስት ትንፋሽ ከፋፍሎ፣ «እዚህ... ሹመት... የለህም» አለኝ። ልስቅለት ሞከርሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

አሁን ሱቁን የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ ልጅ ተከራይቶታል፤ ግድግዳውን አፍርሶ ፊቱን መስታወት አድርጎታል። እኔ ከወደቡ የጀልባ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ወደ ገዳማቱ የሚሻገር እንግዳ ጥቂት ስለ ሆነ አብዛኛውን ቀን ውሃውን እያየሁ እውላለሁ። እማየ ከሙት ዓመቱ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን አትወጣም። አባየ ቤት ይውላሉ። ያስላሉ፣ ግን አሉ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

ስለ ይበልጣል አንነጋገርም ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ጫማየን ሳስር፣

«ጌጡ» አሉኝ አባየ ከተቀመጡበት፣ «ያች ቧንቧ ተሠርታ ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

ይህን እኔም ሐኪሙን ጠይቄው ነበር፣ ከቀብሩ በኋላ ብቻየን ሄጄ። ሐኪሙ ሰው ነው፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን ሲጨንቀው ወረቀቶቹን እያስተካከለ፣ «አዎ፣ ይመስለኛል» ነበር ያለኝ።

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ አባየ» አልኋቸው። «ከልጅነቱ በደረቱ የነበረ በሽታ ነው፣ ቧንቧ አያድነውም ነበር አለኝ።»

አባየ አዩኝ። ስንት ዓመት ወርቅን ከነሐስ በዓይናቸው የለዩ ሰው ናቸው። «እንዲህ አለህ?»

«እንዲህ አለኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጠው» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው መለሱ። በማግሥቱ ጠዋት ያንኑ ጠየቁኝ። በሦስተኛውም ቀን። ዛሬም ጠይቀውኝ ነው የወጣሁት።

ያኔ በዚያ ቤት የማናውቀው ሰው ወርቅ የገብስ ፍሬ ያህል እንዳይጎድል አራታችንም ትንፋሻችንን ይዘን እንቀመጥ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ያንኑ ውሸት እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸውም ጎደለ ሳይሉ ይቀበሉኛል።